በሬውም አንቺም ታርፉ ዘንድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

በጂዛን ከተማ፣ በሰብያ፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በሳምጣ፣ በየመን ድንበር አፍ ላይ ባለችው በጡዋል የምትኖሩ እኅቶች ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን አንድ ጥያቄ አለ። «አባቴ፣ እኛ ቤት ያለው ሹፌር ሕንዳዊ ነው። የበሬ ሥጋ የተሠራበትን ድስት እንኳ አይነካም። ላም እናታችን ናት ይላል። የቤቱ ልጆች ይስቁበታል፤ እውነቱን ለመናገር እኛም እንስቃለን። ግን ደግሞ ደግ ሰው ነው። ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ ኃጢአት ይሆንብናል ወይ? ስለ እምነቱ ሲያወራንስ ምን ብለን እንመልስለት?» የሚል ነው።

ጥያቄው መልካም ነው። ስለ ላም የተጠየቀ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ ወደ አንቺው ኑሮ የሚመለስ ስለ ሆነ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል። ሥራሽን ጨርሰሽ፣ በተረጋጋ ልብ አንብቢው።

ላም እናቴ ናት የሚለው ማን ነው?

አስቀድመሽ ይህን እወቂ። ከሕንድ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ሃይማኖቱ አንድ አይደለም። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ ከሚመጡት ነርሶች መካከል ደግሞ ክርስቲያኖች ሞልተዋል። ከእነርሱም ውስጥ የሐዋርያው ቅዱስ ቶማስን ስብከት የሃይማኖታቸው መነሻ የሚያደርጉ፣ እንደ እኛው ኦርቶዶክሳውያን የሆኑ አሉ። በ1957 ዓ.ም. በጥር ወር በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአንድነት ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄጂ መርፌ የምትወጋሽ ሕንዳዊት የሃይማኖት እኅትሽ ልትሆን ትችላለች። የመልክን ነገር አይተሽ አትፍረጂ፤ ጠይቂ።

ላምን እናቴ የሚለው ሂንዱው ነው። ከሕንድም ይመጣል፣ ከኔፓልም ይመጣል። እናት ያላትም በከንቱ አይደለም። ላም የራስዋን ጥጃ አጥብታ የሰውን ልጅ ደግሞ ታጠባለች። ወተትዋ እርጎ፣ እርጎው ቅቤ ይሆናል። ቅቤው ተነጥሮ ለወጥ ይሆናል፤ በቤተ መቅደሳቸውም መብራት ይበራበታል። ወንዱ ልጅዋ ሞፈር ይጎትታል። እበትዋ ወለል ይለቀለቅበታል፤ ሲደርቅ ኩበት ሆኖ እሳት ይነድበታል። ይህን ሁሉ ሰጥታ የምትጠይቀው ሣርና ውኃ ነው። ሂንዱው ይህን አይቶ «ያጠባችን አናርድም» አለ። እበት ለቅልቀሽ፣ ኩበት ጠፍጥፈሽ፣ ቅቤ ንጠሽ ያደግሽ የገበሬ ልጅ ከሆንሽ፣ ከሰውዬው አገርና ከአንቺ አገር መካከል ባሕር ቢኖርም ጓዳው አንድ መሆኑን ታያለሽ።

ከዚህ ጋር የሃይማኖታቸው ታሪክ አለ። ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው በልጅነቱ የላም እረኛ እንደ ነበረ ይተርካሉ፤ «ጎፓላ» የሚለው ስሙም የላሞች ጠባቂ ማለት ነው። ሺቫ ለሚሉት በተሠራው ቤተ መቅደስ ፊት ናንዲ የተባለ ተንበርክኮ የተቀመጠ የበሬ ምስል አለ። አሂምሳ የሚሉት ትምህርት ደግሞ ሕይወት ያለውን አለመጉዳት ነው። ጋንዲ ላምን መጠበቅ ማለት አንደበት የሌለውን ፍጥረት ሁሉ መጠበቅ ማለት ነው ብሎ ያስተምር ነበር።

በዓልም አላቸው። በታሚል ናዱ፣ ከጥምቀታችን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ፖንጋል የሚባል የመከር በዓል ይከበራል። ከበዓሉ ቀኖች አንዱ ለከብቶች የተለየ ነው። በዚያ ቀን በሬዎቹና ላሞቹ ይታጠባሉ፣ ቀንዳቸው ቀለም ይቀባል፣ አንገታቸው ላይ አበባ ይታሰራል፣ ከአዲሱ እህል የተቀቀለ ይቀርብላቸዋል። ኔፓሎቹም በመጸው ወራት ቲሃር በሚሉት በዓላቸው ለላም አንድ ቀን፣ ለበሬም አንድ ቀን አላቸው። ዓመቱን ሙሉ የሠራ እንስሳ አንድ ቀን «ዛሬ የአንተ ቀን ነው» ይባላል። አብራሽ የምትሠራ ኔፓላዊት በዚያ ሰሞን ከወትሮዋ ዝም ብላ ብታያት፣ ቤትዋ ትዝ ብሏት ይሆናል። አንቺስ መስቀል ሲደርስ እንዲሁ አይደለሽም?

እኛስ በሬን እንዴት እናየዋለን?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ጋ ስንገባ ምን እንላለን? «እንቦሳ እሰሩ» እንላለን። የቤት በረከት ምልክቱ በደጅ የታሰረ ጥጃ ነው ማለት ነው። መሬት ስንለካ «ስንት ጥማድ?» እንላለን፤ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ በተራ ያርሳል። እንግዲህ በሬ ሰውንና ሰውንም የሚያስተሳስር ነው።

ገበሬው በሬዎቹን ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ሲያርስም ያዜምላቸዋል። እኔ የቆሎ ተማሪ ሆኜ በየገበሬው ቤት ሳድር ያየሁት ይህን ነው፤ ደህና ባለቤት ከእርሻ ሲመለስ እርሱ እራት ከመብላቱ በፊት ለበሬዎቹ ድርቆሽ ይሰጣል። ጀርባቸውን ዳሶ ቀንበር የላጠው ቁስል እንዳለ ያያል። መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ሲናገር (ምሳ. 12፥10) ሊቃውንቱ የሚያመሰጥሩትን ያ ማይም ገበሬ በሥራ ይፈጽመዋል።

ሰንበትም አለ። በአገራችን በሬ ቅዳሜም እሑድም አይጠመድም። ሁለቱን ሰንበታት ማክበር በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ሥርዓት ነው። ከዚያ ጋር የወሩን በዓላት ስትደምሪ በሬው ብዙ ቀን ያርፋል። ከሰው ጋር በዓል ያከብራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቤተ ክርስቲያናችን ያለው ነው። በኅዳር 8 ቀን የአርባዕቱ እንስሳን በዓል እናከብራለን። እነዚህ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙ ኪሩቤል ናቸው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልና ዮሐንስ ወንጌላዊ አይተዋቸዋል። አንዱ ገጸ ሰብእ፣ አንዱ ገጸ አንበሳ፣ አንዱ ገጸ ንስር፣ አንዱ ገጸ ላሕም ነው። ስንክሳሩ እንደሚያስረዳን ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ፣ ገጸ ላሕም ስለ እንስሳት ይለምናሉ። አየሽ፣ በሰማይ በዙፋኑ ፊት ለላምና ለበሬ የሚለምን አለ። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም የሚመሰለው በገጸ ላሕም ነው። ጌታችን በቤተ ልሔም በግርግም በተኛ ጊዜ በትንፋሻቸው ያሞቁት ላምና አህያ ናቸው ብለው አባቶቻችን ያስተምሩናል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባለው የልደት ሥዕልም ከእመቤታችን አጠገብ አይተሻቸዋል።

ይህን ሁሉ ያለው ክርስቲያን፣ ሌላው ሰው ላምን ቢያከብር ለምን ይስቃል?

ወሰኑ የት ላይ ነው?

ማክበርና ማምለክ ግን ሁለት ነገር ነው። እስራኤል በሲና ተራራ ግርጌ የወርቅ ጥጃ ሠርተው በሰገዱ ጊዜ ምን እንደ ደረሰባቸው ታውቂያለሽ (ዘጸ. 32)። ኢዮርብዓምም ሁለት ጥጃ አሠርቶ ሕዝቡን አሳተ (1ኛ ነገ. 12)። እኛ የምናመልከው ፈጣሪን ብቻ ነው። ስለዚህ ለሂንዱው አምልኮ አትሰግጂም፣ ለጣዖት የቀረበውንም አትበዪም (1ኛ ቆሮ. 10)። ይህ የአንቺ ወሰን ነው። ወሰንሽን ካወቅሽ ግን የምትፈሪው ነገር የለም። በሥራ ቤት ውስጥ ከእርሱ ጋር ሩዝና ምስር መብላት፣ ሻይ መጠጣት፣ ሲታመም ውኃ ማቀበል ኃጢአት አይደለም። ጌታችን የደጉ ሳምራዊን ምሳሌ የነገረን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ሌላም ወሰን አለ። ላምን አከብራለሁ እያለ ሰውን የሚያዋርድ አክብሮቱ ባዶ ነው። በ2008 ዓ.ም. በመስከረም ወር በሕንድ አገር በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር አንድ ሙስሊም አባወራ ቤቱ ውስጥ የላም ሥጋ አስቀምጧል በሚል ወሬ ብቻ በመንደር ሰዎች ተደብድቦ ሞተ። ከሂንዱዎቹም መካከል ይህን ያወገዙ ብዙዎች ናቸው። ጋንዲም ከመቶ ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ ላምን ለማዳን ብሎ ሰውን መግደል እንደማይገባ አስተምሯል።

ይህን ስል ያንቺንም መንገድ እያሰብሁ ነው። ከበርበራ ወደብ ወደ ጂዛን ወደብ የሚጫን በግ ሐኪም ይመረምረዋል፣ ወረቀት ይጻፍለታል። ከኦቦክና ከቦሳሶ በጀልባ ተሻግረሽ በየመን በረሓ ለመጣሽው ለአንቺ ግን ማን ጻፈልሽ? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ባወጣው ሪፖርት፣ በዚሁ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ይህን ክዷል። እኛ ግን ያለቀሱትን እናቶች እናውቃለን። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው ከከብት አንሶ እንዲታይ የፈቀደ ሃይማኖት የለም።

በአንድ ቤት ስትኖሩ

እንግዲህ በተግባር ምን ታደርጊያለሽ? ጥቂቱን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ አትሳቂ። ልጆቹ ሲስቁም አትተባበሪ። አንቺ ረቡዕና ዓርብ ወተት አልጠጣም ስትዪ፣ በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ያህል ሥጋና ቅቤ ስትተዪ፣ ወይም የአገርሽን ሥርዓት ጠብቀሽ በባዕድ ቤት የታረደውን ሥጋ ሳትቀምሺ ስትቀሪ ስንት ጊዜ ተስቆብሻል? ስንት ጊዜስ «ትንሽ ብትበዪ ማን ያይሻል?» ተብለሻል? የሚሰማሽን ታውቂዋለሽ። ሹፌሩም የሚሰማው ያው ነው።

ሁለተኛ፣ አታታልዪው። መግሹን በድንጋይ ድስት ስትሠሪ፣ ከብሳውን ስታወጪ፣ በበሬ ሥጋ መረቅ የበሰለውን ሩዝ «ሥጋውን አውጥቼልሃለሁ» ብለሽ አትስጪው። መረቁም፣ ሞራውም ለእርሱ ያው ሥጋ ነው። «ይህ የበሬ ነው፣ ይህ የዶሮ ነው፣ ይህ አትክልት ብቻ ነው» ብለሽ በግልጽ ንገሪው፤ አንዳንዱ ዶሮና ዓሣ ይበላል፣ አንዳንዱ እንቁላልም አይነካም። ከተቻለሽ አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ጭልፋ ለይለት። ይህም ለአንቺ ይጠቅምሻል፤ የእርሱ ምስርና ድንች ለአንቺ የጾም ወጥ ነው። ቅቤ እንዳልገባበት ግን ጠይቂ፤ እነርሱ ጾም ብለው የሚበሉት ላይ ንጥር ቅቤ ይጨምራሉ።

ሦስተኛ፣ በዓረፋ በዓል ሰሞን አስቢለት። ቤተ ሰቡ ሲያርድ ሥጋውን ተሸክሞ እንዲያከፋፍል ይታዘዝ ይሆናል። አንቺ ማድረስ የምትችይውን አንቺ አንሽለት፤ እርሱ በምትኩ ከባዱን የሩዝ ጆንያ ያንሣልሽ። ሐዋርያው ጳውሎስ ምግቤ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ከቶ አልበላም እስከ ማለት የደረሰው (1ኛ ቆሮ. 8፥13) የሰውን ኅሊና ምን ያህል ቢያከብር ነው?

አራተኛ፣ አትከራከሪ። የሃይማኖት ክርክር በሰው ቤት፣ በባዕድ አገር ጠብ ያመጣል፤ ከጠብም የባሰ ሊያመጣ ይችላል። ቢጠይቅሽ «በእኛም በሰማይ ዙፋን ፊት የበሬ መልክ ያለው መልአክ አለ፤ እኛ ግን የምንሰግደው ለፈጠረው ነው» በዪው። ይበቃል። የቀረውን ሥራሽና ፊትሽ ይናገሩ።

ከብት ለምትጠብቂው

በሰብያና በሳምጣ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ከቤት ሥራው ሌላ የአሠሪሽን ፍየልና ላም የምትመግቢ፣ የምታልቢ እኅትም ታነቢናለሽ። የጂዛን ቆላ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት የእርሻ አገር ነው። የሰሊጡን ዘይት በድሮው ልማድ የሚጨምቀው ግመል ነው፤ መጭመቂያውን እየዞረ ያሽከረክራል። ኦሪት በሬ እህል ሲያበራይ አፉ እንዳይታሰር ታዝዛለች (ዘዳ. 25፥4)። ላምና ጥጃዋን በአንድ ቀን ማረድ ከልክላለች (ዘሌ. 22፥28)። የጠላትህ በሬ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት ትላለች (ዘጸ. 23፥4)። ስለዚህ ያቺን ላም በማዳምሽ ተናደሽ በዱላ አትምቻት። አፍ የላትም፤ አንቺንም የበደለችሽ እርስዋ አይደለችም።

ለራስሽም ተጠንቀቂ። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በጂዛንና በየመን ቆላ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለ በሽታ ከከብት ወደ ሰው ተላልፎ ብዙ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከእኛ አካባቢ የሚሄድ ከብት ተከልክሎ ነበር። ወተት ሳይፈላ አትጠጪ፤ ያልተፈላ ወተት የማልታ ትኩሳት የሚሉትን በሽታ ያመጣል። የጨነገፈ ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅሽ አትንኪ። ከብቱ ሲታመም ለባለቤቱ ቶሎ ተናገሪ። አንቺም ብርድ ብርድ ብሎሽ፣ ላብ አጥምቆሽ፣ መገጣጠሚያሽን ሲቆረጥምሽ ለሐኪም «ከከብት ጋር እሠራለሁ» ማለትን አትርሺ።

በሬውና ሠራተኛዋ በአንድ ትእዛዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ዘዳግም ምዕራፍ 5 ቁጥር 14ን ክፈቺ። የሰንበት ትእዛዝ ነው። እግዚአብሔር ማን ማን ይረፍ አለ? ባለቤቱ፣ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ አሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ በቤቱ የምታገለግል ሴት አለች። በሬው አለ፣ አህያው አለ። በደጁ ያለው መጻተኛም አለ። በቤት የምታገለግል ሴት ማን ናት? አንቺ ነሽ። በባዕድ ደጅ ያለ መጻተኛ ማን ነው? አሁንም አንቺ ነሽ። በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠርተሻል፤ በመካከሉ በሬው ቆሟል። በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ምክንያቱን ይነግራል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል።

ወደ ወንጌል እንሂድ። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 13 ዐሥራ ስምንት ዓመት ጎብጣ የኖረች ሴት ታሪክ ጽፏል። ቀና ማለት አትችልም ነበር። ጌታችን በሰንበት ፈወሳት። የምኵራቡ አለቃ ተቆጣ። ጌታም ከመካከላችሁ በሰንበት በሬውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ የማያጠጣ ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ለበሬው ይህን ካደረጋችሁ ይህች የአብርሃም ልጅ ከእስራትዋ ልትፈታ አይገባትምን አላቸው። ተቃዋሚዎቹ አፈሩ።

ልጄ፣ አንቺም ጎንበስ ብለሽ ወለል ስትወለውዪ፣ ሌሊት እንግዳ መጥቶ ስትነሺ፣ ወገብሽ ሲቆረጥም፣ ያቺን ሴት አስቢያት። ጌታ ስም አወጣላት፤ የአብርሃም ልጅ አላት። ማንም ቢጠራሽ በምንም ቢጠራሽ ስምሽ ይህ ነው። በእኛ አገር ቦራና ዳልቻ እንኳ ቅዳሜና እሑድ ቀንበር ይወርድላቸዋል፤ የአንቺ ቀንበርም የሚወርድበት ቀን ሊኖረው ይገባል። ይህን ስትፈልጊ ሰነፍ ነኝ ብለሽ አትሸማቀቂ።

የሰውም ሕግ ይህንኑ ይላል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣው ቁጥር 189 ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይገባታል ይላል። ሳዑዲ ዐረቢያም በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣችው ደንብ የሳምንት ዕረፍት ቀን ፈቅዳለች። ይህን የተካውና ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ ደግሞ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት፣ በቀንም ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ወስኗል። የተጻፈው ሁሉ በየቤቱ እንደማይፈጸም አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። የማያውቁት መብት ግን ፈጽሞ አይጠየቅም።

እንዴት ትጠይቂ? በቁጣ አትጀምሪ። ማዳምሽ ደስ ባላት ሰዓት፣ በትሕትና፣ ቀኑን ለይተሽ ንገሪያት። በእስልምናም የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ፣ የሠራተኛም ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የሚያስተምር ትምህርት መኖሩን እርስዋም ታውቀዋለች። ሙሉ ቀን ባይሆንልሽ በግማሽ ቀን ጀምሪ፤ እየቆየ ይሰፋል። የውልሽን ቅጂ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኛት እኅት ላኪላት። ደመወዝ የተቀበልሽበትን ወር በትንሽ ደብተር ጻፊ። ሐዋርያው ጳውሎስ ያንን የበሬውን ሕግ ጠቅሶ ሠራተኛ ዋጋው ይገባዋል ያለው (1ኛ ጢሞ. 5፥18) ደመወዝን በሚመለከት ነው፤ ቅዱስ ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ዱላ፣ ረሃብ ወይም ክብርሽን የሚነካ ነገር ከደረሰብሽ ግን ዕረፍት የመጠየቅ ጉዳይ አይደለም፤ ዝም አትበዪ። በጅዳ ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አሳውቂ፤ እስከዚያው አንዲት እኅት የት እንዳለሽ ትወቅ።

ያገኘሽውንም ዕረፍት ለራስሽ ብቻ አትያዥው። አዲስ የመጣች፣ ቋንቋ ያልገባት እኅት በቤቱ ካለች ከእርስዋ ላይ ቀንበር አንሺ። ሹፌሩ በሐሩር ቆሞ ሲጠብቅ ውኃ አቀብዪው። ላሚቱን በጊዜ አጠጪ። በዕረፍትሽ ሰዓት ደግሞ ተኚ፤ እንቅልፍም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስትነሺ አባታችን ሆይን ድገሚ፣ እመቤታችንን በይ፣ ለእናትሽ ደውዪ።

እግዚአብሔር አምላክ ሸክምሽን ያቅልልሽ። ወገብሽን ያጽናልሽ። የለፋሽበትን ያስበላሽ፣ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ፤ በራስሽም ቤት እንቦሳ እሰሩ የሚባልበትን ቀን ያሳይሽ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።